አባወራ ነኝ ያልኩበት ቀን

ደባል ያለኝ የእህቴ ባል ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ዐሥር ሊሆን ሲል፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። ትልቋ ልጃቸው ከሁለተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታ፣ አባቷ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ካሜራ ተውሶ መጥቶ፣ ሁላችንም ከበሩ ፊት ተሰልፈናል። እኔ ኮቴን ለብሼ፣ ጸጉሬን በውኃ አስተኝቼ፣ ከእህቴ በስተግራ ቆምኩ። ሰውየው ካሜራውን እንደያዘ አየኝና ሳቀ። «ቤተሰቡ እዚያው ይቁም» አለ፤ «ደባሉ መጥቶ ካሜራውን ይያዝልን።»

ማን ማን እንደሳቀ አልረሳሁም። ሁለቱ ሾፌር ጓደኞቹ ሳቁ። ከማዶ ያለችው ጎረቤት ሳቀች። እህቴም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና ነው የሳቀችው፣ ግን ሳቀች። እኔ ሄጄ ካሜራውን ተቀበልኩ። የሰውየውን አንገት ከፎቶው ላይ ቆርጬ ላስቀረው አስቤ ነበር፤ ዳሩ ካሜራ አያያዝ አላውቅበትምና ፎቶው አምሮ ወጣ። ከቤቱ ፎቶዎች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም ይላሉ።

ሙት ወቃሽ አትበሉኝ። ሰውየው በጉበት ሕመም ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ነፍሱን ይማር። ግን ሲሄድ ስድቡን ይዞት አልሄደም፣ እኔ ጋ ትቶት ነው የሄደው። ደግሞ ደባል ማለት ምንድነው? በሰው ቤት ተጠግቶ የሚያድር ማለት አይደል? የማድርባትን የጓሮ ክፍል መሠረቱን የቆፈርኩት፣ ግድግዳውን ያቆምኩት፣ ቆርቆሮውን የገዛሁት እኔ ነኝ። የእነሱ ጣሪያ ሲያፈስ ጊዜም ከእኔ የተረፈው ቆርቆሮ ነው የተመታበት። ለካ በራሱ ቆርቆሮ ሥር የሚኖር ሰውም ደባል ይባላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሥርዓት አወጣሁ። ማታ ማታ እህቴ ከድስቷ በሰሃን ትልክልኛለች፤ እኔ እዚያው ክፍሌ ውስጥ በልቼ ሰሃኑን አጥቤ እመልሳለሁ። ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ደግሞ የቻልኩትን ያህል ገንዘብ በፖስታ አሽጌ በበሩ ሥር አሾልካለሁ። ደባል ካላችሁኝ እንደ ደባል እከፍላለሁ ማለቴ ነው። ሰውየው ከሞተም በኋላ አልተውኩትም። እህቴ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ምናለ ገብተህ አብረኸን ብትበላ? ልጆቹ እኮ አንተን እንደ ጅብ ነው የሚፈሩህ» ብትለኝ፣ «ጅብ ብቻውን ሲበላ ነው የሚያምርበት» ብዬ ዘጋሁት። እሷ ሳቀች። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም።

ሥራዬ ሶፋ ማደስ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሆኖም ስለ ሰው ቤት ገቢ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ምሁር ካለ ይምጣና እንነጋገር። ሶፋ ገልብጬ የሆዱን ጨርቅ ስቀደው የቤቱ ኑሮ ነው የሚዘረገፈው። ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኛ ሆነው ልጅ የሌለበት ቤት፣ ሶፋው የሚያረጀው በፀሐይ ነው፤ ጨርቁ ይነጣል እንጂ የውስጡ ሞላ እንደ አዲስ ነው። ልጅ የበዛበት ቤት መሀሉ ይሰምጣል፤ ከውስጡ የእርሳስ ቁራጭ፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣ የአሻንጉሊት እጅ ይወጣል። ብቻውን የሚኖር ወንድ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም በቴሌቪዥኑ ትይዩ። እናት ብቻዋን ልጆች የምታሳድግበት ቤት ሶፋ ግን እኔ ዘንድ አይመጣም። እሱ እዚያው ቤት ውስጥ በመርፌ ይሰፋል፣ ቀዳዳው ላይ ፎጣ ይነጠፍበታል፣ ሲብስበት ደግሞ ከሥሩ ጡብ ይገባለታል። የእህቴ ሶፋ በቀኝ በኩል ሁለት ጡብ አለው።

ለምን አላደስክላትም ትሉኝ ይሆናል። አልጠየቀችኝማ። እኔም ሳልጠየቅ አልሠራም። አሁን ሳስበው፣ ሳልጠየቅ ብሠራው ኖሮ እጄ አይቆረጥም ነበር።

እህቴ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ትተክላለች። ልጆቿ ሦስት ናቸው፦ ትልቋ፣ መካከለኛው ወንድ ልጅ፣ እና ሚጢጢ የምንላት የመጨረሻዋ። ትልቋ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው፤ ይሄ ደግሞ የአፍ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ አንድ ቀን የሞላ ሽቦ አምልጦኝ መዳፌን ሲሰነጥቀው፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን እሷ ነበረች ሮጣ መጥታ እጄን ወደ ላይ የያዘችው።

«አጎቴ፣ ይኼ በፋሻ ብቻ አይሆንም፤ ስፌት ይፈልጋል። ክሊኒክ ይሂዱ።»

«ስትመረቂ አንቺ ትሰፊኛለሽ።»

«እስከዚያ እጁ የት ይቆይልዎታል?» አለችና ሳቀች። እየሳቀችም አጥባ አሰረችው። ጠባሳው ቀጥ ያለ ነው፤ ክሊኒክ የሄድኩ ነው የሚመስለው።

ከሱቄ ቀጥሎ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ሬዲዮ ነው የምንለው፤ መኪናውን እየረገጠ ሳያቋርጥ ያወራል፣ ክር ሲበጠስበት ብቻ ነው ዝም የሚለው። ወሬውን መጀመሪያ ያመጣው እሱ ነው። የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ቤት ለቤት ሊቆጥር ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ በየቤቱ ስንት ገቢ እንደሚገባ፣ ስንት አፍ እንዳለ። ከዚያ በሠንጠረዥ ተደርድሮ፣ ገቢው ከተወሰነው መስመር በታች ከሆነ ቤት አንድ አንድ ልጅ ያለ ክፍያ ሁለት ዓመት የነርስ ትምህርት ይማራል።

«ባል የሌላቸው፣ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እማወራዎች የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናቸው አሉ» አለኝ። «ያንተ የእህት ልጅ ካልገባች ማን ሊገባ ነው?»

«አንተስ የትኛው ረድፍ ላይ ነህ?»

«እኔማ ገቢዬን ሚስቴ እንኳ አታውቀው፣ ጽሕፈት ቤቱ በየት በኩል ያገኘዋል?»

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ትልቋ በደስታ ሳህን ሰብራ እየተሳቀባት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቆጣሪዎቹ ወደ እኛ መንገድ ሊገቡ በዋዜማው፣ እህቴ ክፍሌ በር ላይ መጥታ ቆመች። የሥራ ካፖርቷ ላይ ነጭ ክር ተለጣጥፎባታል።

«ጋሼ፣ ነገ ቆጣሪዋ ትመጣለች። እኔ ፈረቃዬ ነው፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው፣ ትልቋ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ ትወጣለች። አንተ ሽቦ የሰነጠቀው እጅህ እስኪያገግም ቤት ስለሆንክ አደራ። የእኛን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ፣ እሱን ስጣት። አንተን ከጠየቀችህ ለብቻዬ ነኝ፣ ከእነሱ ውስጥ አልቆጠርም በላት።»

ልብ አድርጉ። ሴትየዋ ክፉ አላሰበችም። ስለ ወረቀት ነው የነገረችኝ። ልጇ ነርስ የምትሆንበትን መንገድ እያስተካከለች ነው። እኔ ግን የሰማሁት «ከእነሱ ውስጥ አልቆጠርም» የሚለውን ብቻ ነው። እሱን ይዤ ተኛሁ፤ ተኛሁ ካልነው።

ቆጣሪዋ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ቀጭን ልጅ ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ በእጇ እንደ መስተዋት ያለ ታብሌት ይዛለች። እኔ የእህቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«እንደምን አደሩ አባባ! ለቆጠራ ነው የመጣሁት።»

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ፀሐይ ነው።»

ሳሎን አስገባኋትና በግራ በኩል፣ ጡብ በሌለበት በኩል አስቀመጥኳት። ውኃ ሰጠኋት። በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ ታብሌቷን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«የቤቱ አባወራ እርስዎ ነዎት?»

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስት አላገባሁም፤ አንዲት ነበረች፣ ወንድሞቿ «የሰው ሶፋ የሚጠግን፣ የራሱ ወንበር የሌለው» ብለው ከለከሉኝ። ልጅ አልወለድኩም። በዚህ ሁሉ ዘመኔ ማንም ሰው ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ልጅቷ ደግሞ እየቀለደች አልነበረም፤ መልሴን እየጠበቀች ነው። የእህቴ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ በክንዴ አጠገብ ነበር።

«ነኝ» አልኩ።

«ከአንድ ድስት ነው የምትበሉት?»

«ከአንድ ድስት ነው።»

ይሄ ውሸት አይደለም። ድስቱ አንድ ነው፤ ሰሃኑ ግቢውን ማቋረጡን አልጠየቀችኝም። የእህቴንና የሦስቱን ልጆች ስም፣ የእህቴንም ደመወዝ ከወረቀቱ ላይ አነበብኩላት።

«እህትዎ ሥራ አላቸው፣ እርስዎም ሥራ አለዎት። የእርስዎ በወር በአማካይ ስንት ይሆናል?»

እዚህ ላይ እንኳ መመለስ እችል ነበር። ጉድጓዱ ገና ጉልበቴ ድረስ ነው። ግን የልጅቷን ፊት አየሁ፤ ጨዋ ፊት ነው፣ የተማረ ፊት። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያውን አሥራ አራት ሶፋ አሳድሶኝ ነበር። የዚያን ወር ገቢ ነገርኳት። እንደዚያ ያለ ወር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም።

ቅንድቧ ከፍ አለ። «ጎበዝ ነዎት አባባ!»

«በስድስተኛ ክፍል ትምህርት» አልኳት።

«እንዲያውስ! ስንቱ ዲግሪ ይዞ ይህን አያገኝም።»

ይህን የተናገረችበትን ድምፅ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ስድብ ብቻ አይደለም የማስታውሰው። ከዚያ የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ በአባወራ የሚመራ፣ አምስት አባላት፣ ሁለት ገቢ ያለው። እንደ ማዕረግ ነበር ጆሮዬ ላይ ያረፈው። በጣቴ መስተዋቱ ላይ ፈረምኩ። እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘኋት።

ማታ እህቴ መጣች። «መጣች?»

«መጣች።»

«ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ተባረክ ጋሼ።» የዚያን ዕለት ሰሃኑ ሞልቶ ነው የመጣው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ቀን፣ ዝርዝሩ በጽሕፈት ቤቱ አጥር ላይ ተለጠፈ። ትልቋ የለችም። እህቴ ከሥራ ስትመለስ ሄዳ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ በጣቷ እየተከተለች አራት ጊዜ አነበበችው። ስድስት ክፍል የሚያከራየው ጡረተኛ ጎረቤታችን ግን አለበት፤ «ብቻውን ከልጅ ልጁ ጋር የሚኖር አዛውንት፣ ገቢው ጡረታ ብቻ» ተብሎ። ሬዲዮ ይህን ሲሰማ መኪናውን አቁሞ ሳቀ። «ሰውየው እኮ ከተከራዮቹ ጋር አልቆጠርም አለ፣ ኪራዩም ከእሱ ጋር አልተቆጠረም!» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ሽማግሌው ራሱን በማሳነስ የልጅ ልጁን አስገባ፤ እኔ ራሴን በማግዘፍ የእህቴን ልጅ አስወጣሁ። ይህ የዚያኑ ሰዓት ገብቶኛል። አልገባኝም ብል ውሸት ነው።

«ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው» አለች እህቴ። «እኔ ነገ ብቀር አለቃዬ የሁለት ቀን ነው የሚቆርጥብኝ። ጋሼ፣ አንተ ሄደህ ጠይቅልኝ። አንተ ከሰው ጋር መነጋገር ትችላለህ።»

ትልቋ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

ማክሰኞ ሄድኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ጸሐፊ ልጅ እግር ነው፤ ሻይውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ስማችንን ፈለገ። ከዚያ ገጹን ወደ እኔ አዞረው። የሰፈሩ ቤት ሁሉ እዚያ ተደርድሯል፦ እማወራዎቹ በአንድ ወገን፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስቶች በሌላ ወገን፤ እያንዳንዱ ቤት አንዲት ነጥብ ነው። በመካከል ቀይ፣ ቀጭን መስመር ተሰምሯል።

«እዚህ ነው ያላችሁት» አለኝ። «አባወራ አለ፣ ገቢውም ጥሩ ነው። ለአምስት ቢካፈልም ከመስመሩ በላይ ይሆናል።»

በጣቱ ያሳየኝ ነጥብ ከመስመሩ ከጥፍር ያነሰ ነው ከፍ ያለው።

«አባወራው ባይኖርስ?»

«ባይኖር ኖሮማ እህትዎ ሦስተኛ ነበሩ። ከሰፈሩ ሁሉ ሦስተኛ።» ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ፊቴን አይቶ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ ስሕተት ካለ ማስተካከያ አለ። ይኼን ቅጽ ይሙሉ። ሦስት ጎረቤት ይመስክር፣ እህትዎም ይፈርሙበት። እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተጠባባቂዎቹ ይገባሉ።»

ቅጹን ደጅ ወጥቼ አነበብኩት። አጭር ነው። «እኔ ከዚህ ቤተሰብ ጋር በኑሮም ሆነ በገቢ አንድነት የሌለኝ መሆኔን፣ የምኖረውም በተከራይነት ብቻ መሆኑን፣ ቀደም ሲል የሰጠሁት ቃል ትክክል አለመሆኑን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ እውነተኛውን የወር ገቢ መጻፊያ ቦታ አለው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሦስት ጎረቤት ፊት ቆሜ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም ልል ነው። አንዷ መስካሪ የግድ ከማዶ ያለችው ሴትዮ ናት፤ ያኔ የሳቀችው። ሌላው ሬዲዮ ነው፣ እሱ ካወቀ ደግሞ ያላወቀ አይኖርም። እህቴ ስትፈርም ለቆጣሪዋ ያልኩትን ታነባለች። ያጋነንኩትን ገቢ በራሴ እጅ ሰርዤ የእውነቱን ልጽፍ ነው፤ የእውነቱ ደግሞ ከእህቴ ደመወዝ እምብዛም አይበልጥም። ቅጹን ለአራት አጠፍኩትና በኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩት።

«ምን አሉህ?» አለች እህቴ።

«እያዩት ነው ብለዋል።»

ረቡዕ ዕለት ወጣሁ፣ እስከ ጽሕፈት ቤቱ መታጠፊያ ሄድኩና ተመለስኩ። ሐሙስ ዕለት ትልቋ የመግቢያ ወረቀቶቿን በፕላስቲክ ጠቅልላ መጣች፤ ምናልባት በድንገት ቢጠሩኝ ብላ። «አጎቴ፣ ሰዎቹ ጥሩ ነበሩ? እሺ የሚሉ ይመስላሉ?» ስትለኝ፣ «ጽሕፈት ቤት ጥሩ ሆኖ ያውቃል?» አልኳት። ለመሳቅ ሞከረች።

ዓርብ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ጥግ ላይ የነበረች የተረሳች ባለ ክንድ ወንበር አንሥቼ ጨርቅ መምታት ያዝኩ። ማንም አላዘዘኝም። የጨርቅ ሚስማር አፌ ውስጥ ይዤ ነው የምሠራው፤ አንድ አንዱን በምላሴ እያወጣሁ። ሬዲዮ በበሩ ብቅ አለ።

«ምነው ዛሬ? ሰላም ብልህ አትመልስ፣ ብሰድብህ አትመልስ። ሚስማር ነው የዋጥከው ወይስ ሽማግሌ ልከህ እንቢ ተባልክ?»

እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር። እውነቴን ነው፤ ቅጹን በጣቴ ነክቼዋለሁ። አንድ ቃል፣ «ፈርምልኝ» ማለት ብቻ ነበር። ዐሥር ሰዓት ከሩብ ነው፤ ብንሮጥ ሌሎቹን ምስክሮችና እህቴን አግኝተን እንደርሳለን። ሬዲዮ ደግሞ አፉ ሰፊ ይሁን እንጂ እግሩ ፈጣን ነው፣ ለእኔም ክፉ አይደለም። ሚስማሮቹን ጥርሴ ላይ እንደያዝኩ ራሴን ነቀነቅኩለት። «እሺ ዲዳ» ብሎኝ ሄደ። ወንበሯን ጨረስኳት። ሰዓቴን ሳይ አሥራ አንድ ከአምስት ሆኗል። አልዋሽም፣ ቀለል አለኝ። ያ ቅለት ነው አሁን የሚያንገበግበኝ። ልጅቷ ቤት ተቀምጣ ስልኩን እያየች፣ እኔን ቀለለኝ!

ቅዳሜና እሑድ ክፍሌን ዘግቼ ዋልኩ። ሰሃኑ እንደ ወትሮው መጣ። እሑድ ማታ ቅጹን አውጥቼ ሞላሁት። ተከራይ ብዬ ጻፍኩ። ገቢዬንም የእውነቱን ጻፍኩ። ለካ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ አንድ መስመር ነው፣ እስክሪብቶው አልተሰበረም፣ እጄም አልደረቀም። ሰኞ ማለዳ ያለ ምስክር፣ ያለ እህቴ ፊርማ ይዤው ሄድኩ። ጸሐፊው አነበበውና ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«አባባ፣ ዓርብ ብዬዎት ነበር።»

«ሥራ በዝቶብኝ…»

«ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። የሚቀጥለው ቆጠራ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።»

ለቆጣሪዋ የነገርኳትን ገቢ ግማሹን እንኳ የማገኝ ብሆን ኖሮ የትልቋን ትምህርት ቤት ከኪሴ እከፍልላት ነበር። ወጪውን ጠይቄያለሁ። ሁለት የግል ኮሌጅ ሄጄ፣ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ ጠይቄያለሁ። አንዱ ጋ ያለችው ልጅ «ለሴት ልጅዎ ነው?» አለችኝ፤ አዎ ልላት ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት። ዋጋውን ስትነግረኝ ደግሞ ለመቀመጥ ወንበር ፈለግኩ። ሶፋቸው ጥሩ ነበር።

ትልቋ በሳምንቱ ፋብሪካ ገባች። እናትና ልጅ አሁን አብረው ነው የሚወጡት፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። በመስኮቴ አያቸዋለሁ። ልጅቷ የእናቷን አሮጌ ካፖርት ነው የለበሰችው፣ እጅጌው ያጥራታል። የተመደበችው ቁልፍ ላይ አይደለም፣ ካውያ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ክንዷ ላይ የተቃጠለ ምልክት አየሁ፤ ራሷ ቅባት ቀብታ፣ ራሷ በንጽሕና አስራዋለች። አስተሳሰሯን አይቼ ዓይኔን አዞርኩ። እሷ ግን እንደ ድሮዋ «እንዴት አደሩ አጎቴ» ትለኛለች፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። በስድብ ላይ መተኛት እችልበታለሁ።

እህቴ ጉዳዩን የተወችው መስሎኝ ነበር። ለካ አልተወችም። «እያዩት ነው» ያልኳትን ይዛ፣ ቀን ጠብቃ፣ ከአለቃዋ የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምና ትናንት ጽሕፈት ቤቱ ሄዳለች። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ስፖንጅ እየቆረጥኩ ነበር። በሩ ላይ ስትቆም ብርሃኑ ቀነሰና ቀና አልኩ። ሱቄን ከከፈትኩ ጀምሮ እዚያ ስትመጣ ይህ ሁለተኛዋ ይመስለኛል።

«ጋሼ» አለች።

የሬዲዮ መኪና ከግድግዳው ወዲያ ዝም አለ።

«ግቢ» አልኳት። «ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። አልጮኸችም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ይዛ፣ እንደ ደከመ ሰው ነው የተናገረችው።

«አባወራው እኔ ነኝ አልካት?»

ስፖንጁን መቁረጤን ቀጠልኩ።

«እሱስ ይሁን። ምን ስሕተት አለበት? አባታቸው ከሞተ ወዲህ ጣሪያውን የሚያየው ማን ነው? ሚጢጢ ስትታመም ተሸክሞ የሮጠው ማን ነው? ብትነግረኝ እኔ ራሴ በአደባባይ አባወራ እልህ ነበር። ግን ያን ቀን፣ ያን ወረቀት ላይ፣ ጋሼ… ገቢውንም ተወው። ወንድ ልጅ ገቢውን ቢያጋንን አዲስ አይደለም፣ ባሌም ያጋንን ነበር።»

የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር የምጠብቀው። ስድቡ ሲመጣ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የአሥራ አንድ ዓመት መልስ ነው ያለኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች። «የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ማክሰኞ ወረቀት ሰጥቼዋለሁ፣ እስከ ዓርብ ብዬዋለሁ አለኝ። እኔ አላመንኩትም። እሱ ያላነበበውን ወረቀት ሰጥታችሁት ይሆናል፣ የጽሕፈት ቤት ቃል ከባድ ነው፣ አልገባው ይሆናል ብዬ ተጣልቼው መጣሁ። እውነቴን አይደል? አልገባህም ነበር፣ አይደል ጋሼ? አልገባኝም በለኝ። አምንሃለሁ። ለልጅቷም እንደዚያው እነግራታለሁ።»

ዓይኗን አየሁ። ከልቧ ነው። በሩን ከፍታልኝ እንድገባ እየጠበቀችኝ ነው፤ አንድ ቃል ነው የቀረኝ። ገብቶኝ ነበር ብላት፣ ልጇን እያወቅኩ እንደተውኳት ታውቃለች። አልገባኝም ብላት ደግሞ፣ እሷ አምናኝ፣ እኔ በየማታው ሰሃኗን እየተቀበልኩ ልኖር ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ ሳለ፤ ሳሉን አፍኖ ነው የቆየው።

መቀሱን ስፖንጁ ላይ አስቀመጥኩ። እጄን በጨርቅ ጠረግኩ። እህቴ ትንሽ ወደ እኔ ዞር አለች፣ ልነግራት የምጠጋ መስሏት ይሆናል። በአጠገቧ አለፍኩ፤ ከካፖርቷ የፋብሪካው የእንፋሎት ሽታ መጣብኝ። ሱቁን ሳልዘጋ፣ ወዴት እንደምሄድም ሳላውቅ፣ መንገዱን ይዤ ሄድኩ።